ከቃሬዛው ሥር

...በጎን መገልበጥ፣ ጉልበት ማጠፍ፣ በክርን መደገፍ፣ ከዚያ መቆም፣ አራት ነገር ብቻ፣ የዓመት ሕፃን የሚያደርገው ነገር፣ እኔ ግን ገና ሁለተኛው ላይ ስደርስ ያ ነገር ከወገቤ ይነሳና በቂጤ በኩል፣ በጭኔ ጀርባ፣ በባቴ አድርጎ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ ይወርዳል፣ የተላጠ ሽቦ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ፣ እና እንደገና ወደ ካርቶኔ። ሲሚንቶ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ሰሌን፣ ሐኪሙ ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ ስላለ አልጋውን ለወይንሸት ትቼላት እኔ እዚህ፣ አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ የመርሳን ግማሽ ቤት መሠረት ያወጣሁ ግንበኛ ነኝ፣ ይታገሱ ግንበኛው ሲባል ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ የማያውቀኝ የለም፣ እና የገዛ ቤቴን ወለል ለቅቄ መነሳት አቃተኝ።

ጥሩምባ ይነፋል። ከታችኛው መስጊድ በኩል ነው፣ አይሁን፣ እሳቸው አይሁኑ፣ ነፊው ትንፋሹን ይሰበስብና እድርተኛውን ሁሉ ቅሬ ስማ! ይላል፣ ስማ ቅሬ፣ የአብዱልሐሊም እናት እማማ ዙልፋ አርፈዋል፣ ቀብር ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው፣ የቀረ ወዮለት! ወዮለት የተባለው እኔ ነኝ፣ ስሜን አይጥራ እንጂ እኔ ነኝ፣ ባለፉት ሁለት ቀብሮች የቀረሁት እኔ ነኝና። ሞቱ እንግዲህ። እናቴ ሞቱ።

እናቴ ስል ለአፌ አይደለም፣ የወለደችኝ በአርባ ቀኔ ጥላኝ ሄደች፣ እማማ ዙልፋ ያን ጊዜ አብዱልሐሊምን ወልደው ጡታቸው ሙሉ ነበር፣ ቀኙን ለእሱ ግራውን ለእኔ አደረጉት፣ ስናድግም የልጅ ሃይማኖት ሆዱ ነው እያሉ ይስቁብን ነበር፣ እሱ ወደ መስጊድ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ስንመለስ አንድ ሰሃን። እና እኔ ምን አደረግኩ፣ ወር ሙሉ ሲታመሙ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠየቅኳቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ ቆሜ። ተቀመጥ እንጂ፣ ምነው፣ ቤቱ ጠበበህ? ይሉኛል ዘመዱ ሁሉ፣ መደቡ ዝቅ ያለ ነው፣ አንዴ ከተቀመጥኩ የሚያነሳኝ ሰው ያስፈልጋል፣ ያን ደግሞ በሰው ፊት፣ ስለዚህ እቸኩላለሁ፣ ሥራ ትቼ ነው የመጣሁት፣ አልኩ። የቱን ሥራ? ስድስት ወሬ ነው መዶሻ ከጨበጥኩ። እማማ ዙልፋ ግን ተቀመጥ አላሉኝም፣ ከተኙበት ሆነው እግሬን አዩት፣ ፊቴን ትተው እግሬን፣ እኔም በሁለተኛው ሳምንት መሄድ ተውኩ።

ወይንሸት ውሃ ይዛ ትገባለች። ሰማህ? ሰማሁ። እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ግን አትሄድም። ምን ማለትሽ ነው፣ እናቴ ናቸው እኮ። ሐኪሙ ያለውን እኔም ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ፣ አንተ ሰውዬ፣ ለምን አትነግራቸውም፣ አንድ ቃል፣ አመመኝ ማለት ምን ነውር አለው? ክኒኑን ስጪኝ። በባዶ ሆድ? ስጪኝ አልኩ እኮ። ትሰጠኛለች፣ አፏን አጥብቃ፣ የሷ ዝምታ ከሲሪንቃ ድንጋይ ይከብዳል።

የጀመረኝ እዚያው ሲሪንቃ ነው፣ የአንድ ነጋዴ አጥር ስንገነባ፣ የማዕዘን ድንጋይ ብቻዬን አነሳሁ፣ ሰለሞን አንሳ እስቲ ብሎኝ ነው፣ ሰለሞን ያኔ ረዳቴ ነበር፣ አሁን ራሱ ግንበኛ ሆኗል፣ ዛፍ የሚያክል ሰው፣ ቋ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ከድንጋዩ መስሎኝ ነበር። ብርድ ነው አሉ። እሬት ቀቡኝ። ጠበል ገባሁ። ውርጌሳ ወጌሻ አለ ተባለ፣ በደረቴ አስተኝቶ ጀርባዬ ላይ በሁለት እግሩ ወጣ፣ ገብቷል! አለኝ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፣ በወገብ ብቻ የነበረው ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወልድያ ሐኪም፣ ከዚያ ደሴ ፎቶ፣ ቱቦ ውስጥ ከትተው አታንቀሳቅስ ይላሉ፣ ሲያንኳኳ ይቆያል፣ የወይንሸትን ላም የበላ ማሽን ነው፣ ተኝቼ የማስበው ላሟን ነበር። እየሩሳሌም ደግሞ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ ትምህርቷን አቋርጣ ወልድያ ካፌ ገባች፣ ለአባዬ መድኃኒት እያለች ትልካለች፣ እኔ ነበርኩ ለሷ መላክ የነበረብኝ፣ ይሄን ሳስብ ከወገቤ ይልቅ ሌላ ቦታ ያመኛል።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን አነጋገሩ ደህና፣ የአከርካሪህ ዲስክ ወጥቶ ነርቭህን ተጭኖታል፣ አለኝ፣ ከባድ ነገር አታነሳም። ከባድ ስንት ኪሎ ነው? ከአምስት በላይ። አምስት! መዶሻዬ ራሱ አምስት ኪሎ ነው። አልሳቀም። እግርህ አልታዘዝ ካለህ፣ ወይ ሽንትህ ካስቸገረህ፣ ያኔ ቀን አትቁጠር፣ ሮጠህ ና፣ ያኔ ኦፕራሲዮን ነው፣ እሱም ከረፈደ እግሩ ላይመለስ ይችላል። ሮጠህ ና ይለኛል፣ መሮጥ የምችል ቢሆን አንተ ጋ ምን አመጣኝ።

ቆምኩ። በአራተኛው ሙከራ፣ ግድግዳውን ይዤ። ቀበቶዋን፣ የሐኪም ቀበቶ የምትባለውን፣ በሸሚዜ ሥር አጠብቃለሁ፣ ከላይ ኮት፣ ከኮቱ ላይ ጋቢ፣ በመርሳ ፀሐይ ይሄን ሁሉ ደርቤ ስወጣ እብድ ነው የምመስለው። ይምሰል። ወገቤን የሚል ወንድ ከመምሰል ይሻላል፣ ወንድ ልጅ ወገቤን ካለ ወሬው እዚያው ወገብ ላይ አይቆምም፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ምስኪን ወይንሸት ይላሉ፣ ገና ወጣት ናት ይላሉ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው። እኔም ብዬ አውቃለሁ። በሌላ ሰው፣ በተራዬ፣ ስቄም አውቃለሁ።

ደግሞ ያቺ ልጅ፣ ፅዮን ነው ስሟ፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት ብላ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ያገኘችን፣ ስልኳ ላይ ጥያቄ አላት፣ በጣም ትሑት፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ወገብዎን አሞዎት ያውቃል? ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመምስ? ስንት ቀን ከሥራ ቀሩ? ሰለሞን አጠገቤ ተቀምጧል፣ ተፈራም አለ፣ የእህል ሚዛን ያለው። አንድም ቀን፣ አልኳት። እርስዎስ? ትለዋለች ሰለሞንን። እኔ? እኔ ድንጋይ ነኝ እህቴ፣ ድንጋይ ያመዋል? ሳቅን። እሷም ፈገግ አለች፣ ግን የደከማት ትመስላለች፣ በዚህ ሰፈር የሚገርም ነገር ነው፣ አለች፣ ወንዶቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ ሚስቶቻቸውን ቤት ገብቼ ስጠይቅ ግን ከሦስቱ ባል አንዱ ካልሲውን ራሱ አያጠልቅም። ወይንሸትን ጠይቃት ይሆን እያልኩ እስከ ማታ ስጨነቅ ዋልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፣ መድኃኒትስ አለኝ፣ የሌለኝ ሌላ ነገር ነው።

መስጊዱ ደጃፍ። ሰዉ ሞልቷል፣ ውስጥ ይሰገድላቸዋል፣ እኛ ክርስቲያኖቹ ውጭ በግንቡ ጥላ ቆመናል፣ ግንቡን የገነባሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ እሱ እኔን ደግፏል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አስፋው መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። መጣህ? መጣሁ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ሐራ ከተማ ሥራ የለም ዛሬ? ሐራ ሥራ ላይ ነበርኩ ብዬ ነበር ሁለቱንም ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ካርቶኔ ላይ ነበርኩ። የለም ጋሼ። ስማኝ ይታገሱ፣ የአባትህን መቃብር ይሄ ቅሬ ነው የቆፈረው፣ በዝናብ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ አንድ ሰው ሎሚውን ከጣለ ለሌላው ይበዛበታል፣ ሦስተኛ ብትቀር ስምህን እሰርዛለሁ፣ ወዳጄ ስለሆንክ አልተውህም። ልክ ነዎት ጋሼ። ከቅሬ የወጣ ሰው፣ አውቃለሁ፣ እሳት አይጫርለትም፣ ሲሞት ሚስቱ ብቻዋን ትጮኻለች፣ ወይንሸት ብቻዋን ስትጮኽ አሰብኩ፣ ጠዋት ውሃ ይዛ የመጣችው ወይንሸት። አሁን ልንገራቸው ይሆን፣ ጋሽ አስፋው ቀረብ ብለው ቆመዋል፣ ማንም አይሰማም፣ ጋሼ እኔ እኮ፣ እላለሁ፣ ምን? ይላሉ፣ ምንም፣ እላለሁ።

ቃሬዛው ወጣ። ላኢላሃ ኢለላህ፣ ሰዉ አንድ ላይ፣ ላኢላሃ ኢለላህ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ ትንሽ፣ እማማ ዙልፋ እንዲህ ትንሽ ነበሩ? አብዱልሐሊም የፊት ግራውን ይዟል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። የፊት ቀኙ የኔ ነው፣ ሁልጊዜ የኔ ነበር፣ ማንም ሲሞት ይታገሱ የፊት ቀኝ፣ ቁመቴ ከአብዱልሐሊም ጋር እኩል ስለሆነ ቃሬዛው አይዘነብልም ይላሉ። አልሄድም፣ እዚሁ ከኋላ እከተላለሁ፣ ሰው ብዙ ነው፣ ማን ያየኛል፣ እያልኩ እግሬ ሄዷል፣ እጄን ወደ አጣናው ዘርግቻለሁ፣ አብዱልሐሊም ያየኛል፣ ቀስ ብሎ፣ በሰው ፊት፣ ይታገሱ፣ አንተ ተው፣ ይለኛል፣ ለሰለሞን ልቀቅለት።

ተው? አንተ ተው? እኔን? ደሜ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ሰምቷል ማለት ነው፣ ከቅሬ የሚሸሽ ሰነፍ መባሌን ሰምቶ አምኗል፣ ወይ ቆሜ መውጣቴን ቆጥሮብኛል፣ እናቱን አልጠየቀም ብሎ፣ ወይ ደግሞ፣ አይ፣ እሱን አላስብም፣ አንተ ክርስቲያን ነህ ተው ሊለኝ? ከአርባ አራት ዓመት በኋላ? ሰለሞንስ ምንድን ነው፣ ሰለሞን ክርስቲያን አይደለም? አይደለም፣ ስንፍናዬ ነው፣ ንቆኛል፣ ወንድሜ ንቆኛል፣ ሰው ሁሉ ያየናል፣ ጋሽ አስፋው ያያሉ። ወተታቸውን የጠጣሁት እኔ ነኝ! እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ያልጠበቅኩትን ያህል ጮክ ብዬ፣ ሰለሞንን በክርኔ ገፋሁት፣ አጣናውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። አብዱልሐሊም ሊናገር አፉን ከፈተና ሰዉን አየ፣ ተወው።

እንሄዳለን። ዳገት ነው፣ ላኢላሃ ኢለላህ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ሽቦው፣ ላኢላሃ ኢለላህ፣ ሽቦው፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ሰው ሐዘን ይመስለዋል፣ ሐዘንም ነው፣ ሁለቱ ተቀላቅለው የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም፣ የማንጎው እርሻ አለፈ፣ ቦዩ አለፈ፣ ትከሻ እንቀይርህ ይለኛል አንዱ፣ አልቀየርም፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ፣ እና ከዚያ ቀጥ ያለው ዳገት ላይ፣ ትልቁ ቁልቋል አጠገብ፣ ጠፋ። ሕመሙ ጠፋ። መብራት እንደሚጠፋ። ምንም የለም፣ ስድስት ወር አብሮኝ የተኛ ነገር ምንም የለም፣ እግሬ ቀለለኝ፣ እማማ ዙልፋ፣ እላለሁ በሆዴ፣ መርቀውኝ ነው፣ ከዚያ ላይ ሆነው አዩኝ፣ ማሩኝ፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ደስ እያለኝ ነው የምሄደው፣ በቀብር ላይ ደስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ጫማህ! ይላል ከኋላ አንድ ሰው፣ ይታገሱ ጫማህ ወለቀ! ወደ ታች አያለሁ፣ ግራ እግሬ ባዶ ነው፣ አውራ ጣቴ ደምቷል፣ መንገዱን እየጠረገ ነው የሚሄደው፣ መቼ ነው የወለቀው፣ ድንጋዩን እረግጠዋለሁ፣ አይሰማኝም። አንሳ እለዋለሁ እግሬን። አይነሳም። አንሳ። ቃሬዛው ዘነበለ፣ ሰለሞን ከጎኔ ዘሎ አጣናውን ያዘው።

መቃብሩ ጋ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ደክሞት ነው፣ ሐዘኑ ነው፣ እናቱ እኮ ናቸው፣ ይላሉ፣ አሁን ሁሉም ያዝንልኛል። አፈሩ ሲመለስ እሰማለሁ፣ ዱዓው ተደረገ፣ ጋሽ አስፋው መዝገባቸውን ይከፍታሉ፣ ይታገሱ ዛሬ የሰው ልጅ ያለበትን ተወጥቷል፣ ያለፈውን ይቅር ብለናል፣ ይላሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ያ ሁሉ ቀን የፈለግኩት ቃል ይሄ ነበር፣ አሁን ስሰማው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለኛል። ግራ ጭኔን እቆነጥጣለሁ። የባዳ ሥጋ ነው።

አብዱልሐሊም አፈር ለብሶ ይመጣል፣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ ወንድሜ፣ እለዋለሁ፣ ለሁለታችንም፣ ይላል። ለምን እንቢ አልከኝ ይታገሱ? ለምን ተው አልከኝ አብዱልሐሊም? መሬቱን በጣቱ ይጭራል። እናቴ ናት። ሐሙስ ዕለት ጠርታኝ፣ ይታገሱን እንዳታሸክሙብኝ፣ ወገቡ እንደኔ ሆኗል፣ አቋቋሙን አይቼዋለሁ፣ አለችኝ፣ ለሰው ግን እንዳትናገርበት፣ ያፍራል፣ አደራ፣ አለች፣ በሰው ፊት ምን ልበልህ ታዲያ፣ ተው ነው ያልኩህ። እንደኔ? እላለሁ፣ እሳቸውን ያማቸው ነበር? ሠላሳ ዓመት፣ ይላል፣ ሠላሳ ዓመት እግሬን እንደ እሳት ሲያቃጥለኝ ኖረ አለችኝ፣ ወላሂ እኔም ሐሙስ ነው የሰማሁት፣ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትሸከም፣ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። አፈሩን ከእጁ ያራግፋል። እኔም አልጠየቅኩም። አንድ እናት ሁለት ልጅ አጥብታ አንዱም አልጠየቃትም። ተነስ እንግዲህ፣ ይላል እጁን ዘርግቶ፣ እንሂድ። አልችልም፣ እለዋለሁ፣ እግሬ የለም። ምን ማለት ነው የለም? የለም ማለት ነው፣ አብዱልሐሊም፣ የለም።

ወልድያ ቶሎ፣ ወልድያ፣ ይላሉ፣ አስፋልቱ ድረስ በምን እናውርደው፣ መኪና አይወጣም። ለሞተም ለታመመም የቅሬው ቃሬዛ አንድ ነው፣ ባዶውን ነው የሚመልሱት፣ በጋቢዬ ጠቅልለው ጫኑኝ። አትጨነቅ፣ አብሽር፣ ይለኛል አብዱልሐሊም፣ እሱ ግን እንዳይሸከም ከለከሉት፣ ሐዘንተኛ ነው፣ አራት ሰው ነው የያዘኝ። ሐኪሙ ቀን አትቁጠር ያለው ይሄን ነው፣ ሰዓቱ ስንት ነው፣ ከቁልቋሉ እስከ አሁን ስንት ሰዓት አለፈ፣ ሦስት ሰዓት ይሆን፣ ወይንሸት ሰምታ ይሆን፣ ሰምታም ከሆነ አትጮኽም እሷ፣ አፏን አጥብቃ ልብሴን በፌስታል ትከታለች።

ሰማዩን እያየሁ ነው የምወርደው፣ ከዚህ በፊት ከታች ሆኜ እንጂ ከላይ ሆኜ አላውቅም፣ ከታች ያለ ሰው የሌላውን ትንፋሽ አይሰማም፣ የራሱ ይበቃዋል፣ ከላይ ግን ይሰማል። ኋላ ያለው ተፈራ ነው፣ ገና መቶ እርምጃ ሳንሄድ ቀይሩኝ ቀይሩኝ ይላል፣ እጁን ወደ ጀርባው ይሰዳል፣ ላብ ለመጥረግ አይመስልም። በስተግራ ያለው ቁልቁለቱን በጎኑ ነው የሚወርደው፣ አንድ እግሩን እያስቀደመ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የምወርደው። ፊት ሰለሞን ነው፣ ጭንቅላቱ ከጭንቅላቴ ጎን፣ ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር፣ ቀኝ እግሩን ሲጥል እስስ ይላል፣ በጥርሱ መሃል፣ ግራውን ሲጥል ምንም፣ ቀኙን ሲጥል እስስ። ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ወይንሸት እንዳትሰማኝ ትራስ ነክሼ ያሰማሁት ድምፅ ነው። ሰለሞን፣ እለዋለሁ። ምን ሆንክ፣ አመመህ እንዴ? ይለኛል። እኔን ተወኝ፣ አንተን፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? ቀኙን ይጥላል፣ እስስ፣ ግራውን፣ ቀኙን፣ ሰለሞን፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? አንገቱን ሳያዞር፣ ከንፈሩን ሳያላቅቅ፣ ዝም በል ይታገሱ፣ ይለኛል፣ ሰው ይሰማል።